ስሙ ግድግዳው ላይ ያለው ባለሙያ ዛሬ አለ?

ከተማችን ጎንደር ውስጥ «ሱፐርማርኬት» የሚል አዲስ ሰሌዳ በተሰቀለ ቁጥር ባንኮኒው ላይ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም፦ «እዚያ ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የሕፃን ወተቱም አለ፤ መድኃኒቱንስ ለምን አብረው አይሸጡልንም?» ጠያቂዎቹ እውነት አላቸው። ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ተሳፍሮ መጥቶ የሚፈልገውን ከየሱቁ እየለቃቀመ ለሚመለስ ሰው፣ ሁሉን አንድ ጣሪያ ሥር ማግኘት ጊዜውንም የትራንስፖርት ገንዘቡንም ያተርፍለታል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። «ሕጉ አይፈቅድም» ብዬ ማሰናበት ይቀለኝ ነበር። ጥያቄው ግን ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ዛሬ እንግሊዝ አገር የሚሠራው ሱፐርማርኬት ውስጥ ባለ ፋርማሲ ነው። እዚያ ለመመዝገብ በእኛው ዲግሪ ላይ አንድ ዓመት ተጨማሪ ትምህርት፣ ቀጥሎ አንድ ዓመት ገደማ በሥራ ላይ ልምምድ፣ በመጨረሻም ፈተና ነበረበት። አሁን በአንድ በኩል ዳቦና አትክልት፣ በሌላ በኩል የልጆች ልብስ በተደረደረበት ሰፊ አዳራሽ ጥግ ነጭ ጋውን ለብሶ ይቆማል። ስንደዋወል ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ሥራ ነው፤ እኔም ለደንበኞቼ የምመልሰውን ያገኘሁት ከእሱ ጋር ካደረግሁት ጨዋታ ነው።

እዚያ አገር መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣ ሕግ በተጀመረው አሠራር በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ማንም ሰው ከመደርደሪያ አንስቶ ከሽንኩርቱ ጋር ሒሳብ የሚከፍልበት ነው። ሁለተኛው ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ቢሆንም ፋርማሲስት ባለበት ብቻ የሚሸጥ ነው። ሦስተኛው ማዘዣ ይፈልጋል። ስለዚህ «ሱፐርማርኬት መድኃኒት ይሸጣል» ሲባል በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ቤቶች ማለት ነው፤ የሚተዳደሩበትም ሥርዓት የተለያየ ነው። የመደርደሪያው ፓራሲታሞል እንኳ ልጓም አለው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተራ ሱቅ የሚሸጠው ፓኬት ከ16 ፍሬ፣ በፋርማሲ የሚሸጠው ደግሞ ከ32 ፍሬ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ምክንያቱ ከባድ ነው፤ ሰዎች በተስፋ መቁረጥ ሰዓት ቤት ውስጥ ያለውን ክኒን በብዛት እየዋጡ ጉበታቸው እየጠፋ ይሞቱ ነበር። ፓኬቱ ካነሰ በኋላ በፓራሲታሞል መመረዝ የሚሞተው ሰው መቀነሱን ጥናቶች አሳይተዋል። አንድ የካርቶን መጠን የሰው ሕይወት ማትረፉን ሳስብ፣ ቁጥጥር ማለት የወረቀት ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢሰሙ እላለሁ።

ከነገረኝ ሁሉ ልቤን የያዘው ግን ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው። እያንዳንዱ ፋርማሲ በእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ኃላፊ ፋርማሲስት ሊኖረው ይገባል፤ ስሙና የምዝገባ ቁጥሩም ደንበኛው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ፈረቃ ሲቀየር ስሙ ይቀየራል። ኃላፊው ከቤቱ ርቆ ሊቆይ የሚችለው በቀን ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱ በሌለበት ደግሞ ሁለተኛው ክፍል መድኃኒት አይሸጥም። ሱፐርማርኬቱ ክፍት ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ሰው ይገበያያል፤ የፋርማሲው ባንኮኒ ግን እምቢ ይላል። አንድ ጠዋት ተረኛው በመንገድ መዘጋጋት ዘግይቶ ሰዎች ተሰልፈው ሲጠብቁ የሱቁ ሥራ አስኪያጅ «ቢያንስ የሳሉን ሽሮፕ ስጧቸው» ቢል፣ ሠራተኞቹ እንዳልሰጡ አጫውቶኛል። ሥራ አስኪያጁ የሕንጻው አለቃ ነው፤ በመድኃኒቱ ላይ ግን አያዝም።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛ አገር ሕግ የለም የሚል ሰው ተሳስቷል። የፋርማሲ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያም የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ ምግብን፣ መድኃኒትንና ጤና ክብካቤን አንድ ላይ የያዘው አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ በኋላም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከታትለዋል። አምራቹን፣ አስመጪውንና መድኃኒቱን ራሱን መዝግቦ የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የእኛን ዓይነት የችርቻሮ ቤት ፈቃድ ሰጥቶ የሚመለከተው ደግሞ የክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ ነው። ቤቶቹም በደረጃ ይለያያሉ። ፋርማሲው በፋርማሲስት ይመራል፤ መድኃኒት መደብሩ በድራጊስት ወይም በፋርማሲ ቴክኒሻን፤ የገጠር መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለ ሥልጠና ባለው ባለሙያ ይያዛል፤ የሚይዘውም የመድኃኒት ዓይነት በዚያው ልክ ጠበብ ይላል። ደንበኛው ሦስቱንም «መድኃኒት ቤት» ይላቸዋል፤ ነጭ ጋውን የለበሰውንም ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። በዚህ አልፈርድበትም፤ ልዩነቱን የምንነግረው እኛ መሆን ነበረብን።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። የሙያ ፈቃድ ይከራያል። በመስታወት ፍሬም ተደርጎ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት አለ፤ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ግን ሌላ ከተማ በሌላ ሥራ ላይ ነው። ባንኮኒው ጋ የቆመው የባለቤቱ ዘመድ ወይም ጥቂት ወራት አይቶ የለመደ ልጅ ይሆናል። ይህን የምጽፈው የሥራ ባልደረቦቼን ለማሳጣት አይደለም። ስም ማከራየት ውስጥ የገባ አንዳንዱ ወጣት ደሞዙ ከቤት ኪራይ አላልፍ ብሎት ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ፍሬም የተሰቀለው በሽተኛው እንዲተማመንበት ነው፤ በሽተኛውም እየተማመነበት ነው። ፈረንጆቹ ያን ማስታወቂያ በየፈረቃው የሚቀይሩት እንዲህ ያለው ክፍተት እንዳይፈጠር ይመስለኛል። የእኛ ፍሬም የሚነግረን ቤቱ ሲከፈት ማን እንደነበረ ነው፤ ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ለእናቴ መድኃኒት የሚሰጣት ማን እንደሆነ አይነግረንም።

ወዳጄ በቅርቡ ስለሚሠራበት ፋርማሲ የተጻፈ የቁጥጥር ሪፖርት ላከልኝ። ምስጢር አላወጣም፤ ጠቅላላ የፋርማሲ ምክር ቤት የሚባለው ተቆጣጣሪያቸው እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የሚጽፋቸውን ሪፖርቶች ማንም እንዲያነብባቸው በኢንተርኔት ያወጣቸዋል። አስተዳደሩን፣ ሠራተኞቹን፣ ቤቱን፣ አገልግሎቱንና መሣሪያውን ይመዝንና «መስፈርቱን አሟልቷል» ወይም «ሁሉንም አላሟላም» ብሎ ይፈርዳል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የጀመረው በመድኃኒት አልነበረም። ፋርማሲው የት እንዳለ፣ አካባቢው ምን እንደሚመስል፣ የሚገለገሉት እነማን እንደሆኑ በመግለጽ ነው የጀመረው። ተቆጣጣሪው መደርደሪያ ከመቁጠሩ በፊት ቤቱ ለማን እንደቆመ ጠይቋል ማለት ነው።

እኛ የምንሠራበትን ሰፈር የሚገልጽ እንዲህ ያለ አንቀጽ ቢጻፍ ምን ይል እንደነበር ብዙ አሰብሁበት። ፋርማሲው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ነው፤ ከፋሲል ግቢ በእግር ቅርብ ነው። ጠዋት የሚገቡት ከጤና ተቋም መስኮት «ይኼ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተብለው ማዘዣ የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከአርማጭሆ ሌሊቱን ተነሥተው የመጡ ናቸው። የጤና መድን ደብተር ይዘውም ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ቀትር ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፤ ማታ ከሥራ የሚመለሱ የመንግሥት ሠራተኞች ይመጣሉ። ቅዳሜ ገበያተኛ ይበዛል፤ አንዳንዱ ከገበያው የገዛውን ዳማከሴ በፌስታል ይዞ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ሌላ ምን እየወሰደ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ጥር ላይ ለጥምቀት ከተማዋ ሞልታ ስትፈስ እንግዳው ሁሉ የሆድ መድኃኒት ፈላጊ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ተቆጣጣሪ የእኛን ቤት በምን ይመዝነዋል?

አንዲት እናት ከደንቢያ መጥተው ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ ባዶ የክኒን ቅጠል አወጡ። «የኔ ልጅ፣ ይቺን የመሰለችውን ስጪኝ፤ እሷ ናት የምትስማማኝ» አሉኝ። ቅጠሏ በመቀስ ተቆርጣ ተቆርጣ ያለቀች ናት፤ በላቲን ፊደል ከተጻፈው ስም የተረፈው «ዲፒን» የሚለው ጭራ ብቻ ነው። አምሎዲፒንም ኒፌዲፒንም በዚሁ ጭራ ያልቃሉ፤ ሁለቱም የደም ግፊት መድኃኒት ናቸው፤ አወሳሰዳቸው ግን አንድ አይደለም። «እማማ፣ ካርድዎ የታለ?» አልኋቸው። ቤት ነው። «ስንት ጊዜ ነው የሚወስዷት?» «ራሴን ሲፈልጠኝ ነዋ!» የልጅ ልጃቸው ጋ ደወልን፤ ልጁ አልጋ ሥር ፈልጎ የድሮውን ካርቶን ፎቶ አንስቶ ላከልን። አምሎዲፒን ነበር። ግፊታቸውን ለካሁላቸው፤ ከፍ ብሏል። በየቀኑ፣ ራስ ባያምም፣ በአንድ ሰዓት መወሰድ እንዳለበት ነገርኋቸው፤ ያን ዕለትም ሳይመሽ ጤና ጣቢያ እንዲታዩ ላክኋቸው። ክኒኑን በፖስታው ስጠቀልል በእስክሪብቶ ጎህ ስትቀድ የምትወጣ ፀሐይ ሣልሁላቸው። ከዚህ ሁሉ ቤቱ ያተረፈው ገንዘብ የሚወራ አይደለም። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ደግሞ ሲቁነጠነጥ ነበር። በሱፐርማርኬት ሒሳብ መቀበያ ጋ ለዚህ ጊዜ አይኖርም፤ የእኛ ሥራ ግን በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሌላው ደግሞ ወጣት ነው። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የተመለሰ፣ አጥንቱ የወጣ። «የወባ መድኃኒት» ይላል። ትኩሳቱ ስንት ሳምንት እንደሆነው ስጠይቀው መቁጠር አልቻለም፤ ከዚያ በፊት በግል የገዛውን የወባ ክኒን ውጦ ጨርሷል። በግራ ጎኑ ሆዱ ተነፍቷል። ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው እንዲህ ሲሆን የጎንደር ባለሙያ መጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው ካላዛር ነው፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ። መድኃኒቱ እኛ ጋ አይሸጥም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግን ካላዛርን የሚያክም የሊሽማንያሲስ ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ፤ መንገዱን አሳይቼ፣ የሚያደርሰው ሰው ፈልጌ ሰደድሁት። ያን ቀን ምንም አልሸጥሁለትም። አንድ መድኃኒት ቤት ሳይሸጥ የሚያደርገውን በጎ ነገር የሚመዘግብ ቅጽ ቢኖር በጣም ደስ ይለኛል።

ይህች ከተማ ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለችም። ደንቢያ ቆላ ድባ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. እዚህ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው በየገጠሩ እየተላኩ የሠሩት ከዚያ ወጥተው ነው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የዚያ ኮሌጅ ልጅ ነው። ሰውን በሰፈሩ ማወቅ ከጅምሩ የጎንደር የጤና ትምህርት መሠረት ነበር። ስለዚህ የእንግሊዙን ሪፖርት ሳነብ የተሰማኝ ቅናት ብቻ አይደለም፤ የራሳችን የሆነ ነገር በሌላ ሰው ቤት እንዳየሁ ያህል ቆጨኝ።

አንቲባዮቲክን ካላነሣሁ ግን ጽሑፌ ጎዶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች ደንበኛ መስለው ወደ ጎንደር ከተማ መድኃኒት ቤቶች ሄደው ነበር፤ አንዳንዱ «ልጄን ያስቀምጠዋል»፣ ሌላው «ጉንፋን ይዞኛል» እያለ። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሰጡ ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ ለተቅማጡ ሜትሮኒዳዞል፣ ለጉንፋኑ አሞክሲሲሊን ወጥቷል። ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አሞክሲሲሊን አይነካውም። ለሚያስቀምጠው ሕፃንም መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ነው። ባለሙያው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። «እኛ ካልሰጠን ቀጣዩ ቤት ይሰጠዋል» የሚለው ፍርሃት ነው የሚያሸንፈው። እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ በግልጽ እናገራለሁ፦ ይህ ምክንያት አይበቃም። ዛሬ በከንቱ የምናባክነው መድኃኒት ነገ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ሲያስፈልገው አይሠራለትም፤ ያ ሕፃን ደግሞ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው።

እንግዲህ ሱፐርማርኬቱ። እኔ በመርሕ አልቃወመውም። ሰፊ ወለል፣ ጥሩ ብርሃን፣ ጄኔሬተር ሊኖረው ይችላል፤ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት ያለበት ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር የማቀዝቀዣውን ቴርሞሜትር እያየሁ የምጨነቀው ጭንቀት ይቀንስልኝ ይሆናል። ኢንሱሊኑ ግን ከእርጎው ጋር አይቀመጥም፤ የራሱ ማቀዝቀዣ፣ የራሱ የሙቀት መመዝገቢያ ይኖረዋል። ባንኮኒው ቁልፍ ይኖረዋል፤ ቁልፉ በፋርማሲስቱ እጅ ይሆናል። የግል ጉዳይ የሚወራበት ትንሽ ክፍል ይኖረዋል፤ ሽንኩርት ተሸክሞ የተሰለፈ ጎረቤት እየሰማ ስለ አባላዘር በሽታ የሚጠይቅ ሰው የለም። ከሁሉ በላይ «ይህን አልሸጥም» ያለ ፋርማሲስት በማግስቱ ከሥራ እንዳይባረር የሚጠብቀው ነገር ያስፈልጋል።

ስጋቴንም ልናገር። ትልቅ ነጋዴ ሲመጣ በጅምላ ይመጣል፤ ሲሄድም በጅምላ ይሄዳል። ሎይድስ ፋርማሲ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በሴንስበሪስ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ የነበሩትን 237 ፋርማሲዎች እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ሲያስታውቅ፣ በየሰፈሩ እዚያ መድኃኒት መውሰድ የለመደው በሽተኛ ሁሉ ሌላ ቤት መፈለግ ነበረበት። እንግሊዝ አገር ሌላው ፋርማሲ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም። እኛ ጋ ግን አንድ ትልቅ ቤት ትንንሾቹን በዋጋ ገፍቶ ካስወጣ በኋላ ራሱ ቢዘጋ፣ ከአርማጭሆ ሌሊት ተነሥቶ የመጣው ሰው የት ይሄዳል? ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይህን ከመፍቀዱ በፊት ሊጠይቅ ይገባል እላለሁ።

እስከዚያው ግን የሱፐርማርኬት መምጣት የማያስፈልገው ሥራ አለ። ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግረን መግቢያው ፊት ለፊት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ሰቅለናል፤ «አሁን ኃላፊ ፋርማሲስት» ይልና ስም ይጻፍበታል፤ ስወጣ አጥፍቼ ተተኪዬ የራሷን ትጽፋለች። ሰው ያነበዋል። አንድ አባት «የትናንትናዋ የለችም እንዴ? እሷ ናት የምታውቀኝ» ብለው ተመልሰው ሄደዋል፤ በማግስቱ መጡ። ለቁጥጥር የመጡትን ባለሙያ ሰሌዳው ቅጻቸው ላይ ይገባ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በአክብሮት ሰምተው፣ እንዲህ ያለ ዓምድ ቅጹ ላይ እንደሌለ፣ ሐሳቡን በጽሑፍ ለክልሉ ባቀርብ እንደሚሻል ነገሩኝ።

እየጻፍሁት ነው። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየመድኃኒት ቤቱ በሥራ ላይ ያለው ባለሙያ ስምና የምዝገባ ቁጥር በየፈረቃው እንዲለጠፍ፤ የመጨረሻው ቁጥጥር ቀንና ውጤት በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል፣ ከበሩ ላይ እንዲነበብ፤ የቁጥጥር ቅጹም የመጀመሪያ ገጽ ቤቱ የሚያገለግለው ሕዝብ ማን እንደሆነ እንዲጠይቅ። ጎንደር ውስጥ የምትሠሩ ፋርማሲስቶችና ድራጊስቶች፣ ከእኔ ጋር መፈረም የምትፈልጉ ካላችሁ ደብዳቤው መድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው፤ ጠዋትም ማታም አንዳችን አለን፤ ማን እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ታገኙታላችሁ።